ይረጋል ብዬ የፈረምሁበት ውሃ

ሰው «በሥራ ዘመንሽ ምን ነበርሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ውሃ ስለካ ኖርሁ» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹ ነው። ውሃ መለካትማ ዘንግ ተክሎ ቁጥሩን ማንበብ ነው፤ ዓይን ያለው ሁሉ ይችለዋል። የእኔ ሥራ ውሃው ሲነቀነቅ ተመልሶ የሚረጋ መሆኑን ወይም ነውጡ እየባሰ የሚሄድ መሆኑን አስቀድሞ በሒሳብ ማወቅ ነበር። ይህን ስል ጥንቆላ የሚመስላቸው አሉ። ጥንቆላ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ባልደከምሁ።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የእህቴ ልጅ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል። ባለፈው ፋሲካ ሊጠይቀኝ መጥቶ ስለ ድሮ ሥራዬ ሳጫውተው ስልኩን አወጣና «እስቲ ቁጥሮቹን ንገሪኝ» አለኝ። ነገርሁት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ይረጋል፣ እትዬ» አለ። እኔ ያንን አንድ ቃል ለማለት በወጣትነቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሒሳብ መኪና እጀታ አዙሬያለሁ። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ተናደድሁ። «ቁጥሮቹን ከየት እንዳመጣኋቸው ግን አልጠየቅኸኝም» አልሁት። ሳቀ። እሱን ያሳቀው ነገር እኔን አንድ ክረምት አስለቅሶኛልና ልንገረው። ኩራቴንም አልደብቅም፤ በዚህ ዕድሜዬ ለማን ብዬ እደብቃለሁ?

የተወለድሁት ጎንደር ከተማ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ የጽሕፈት መኪና ተማርሁና፣ በእኛ አቆጣጠር በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ወረታ በተከፈተ የውሃ ጥናት ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርሁ። ወረታ ያኔ መንገድ ዳር የተሰለፉ ቆርቆሮ ቤቶችና አንድ ሰፊ ገበያ ነበረች። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው የጭነት መኪናና ከደብረ ታቦር እህል ጭኖ የሚወርደው አጋሰስ እዚያ ይገናኛሉ። ከከተማዋ ወደ ጣና በኩል ሲያዩ ምድሩ ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግማሹ ሐይቅ ይሆናል። ወባው ሰው አይመርጥም፣ አልቅቱም እንደዚሁ። ደመወዜ ብዙ አልነበረም፤ ከቤት ኪራይ ተርፎ ለእናቴ የምልከው አላጣሁም።

ከወረታ በኋላ አዋሽ ወርጃለሁ፤ ከዚያም ዋናው መሥሪያ ቤት ገብቼ ጡረታ እስክወጣ በሦስት ኃላፊዎች ሥር ሠርቻለሁ። አንደኛው ቁጥር ይፈራ ነበር፣ ሁለተኛው ፊርማ ይፈራ ነበር፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አይፈራም ነበርና የባሰው እሱ ነበር። ከሁሉም ጋር ያኗኗረኝ ግን ወረታ የተማርሁት ነገር ነው። ያስተማሩኝም አቶ ምሕረቴ ናቸው።

አቶ ምሕረቴ የጽሕፈት ቤቱ የሒሳብ ባለሙያ ነበሩ። በልጅነታቸው ዜማ ቤት ቆይተዋል፤ በኋላ ውጭ አገር ሄደው ሒሳብ ተምረዋል። ረጅም የቁጥር ዓምድ ሲያነቡ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ ቀን የሰጡኝን ሰንጠረዥ በመኪና ስጽፍ አራተኛው ዓምድ አልደመር አለኝ። ታይፒስት የተሰጣትን መጻፍ እንጂ መደመር ሥራዋ አልነበረም፤ አላስችል ብሎኝ ሄጄ ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ገብተው «ለጽሕፈቱ ሌላ ሰው ይፈለግ፤ አስካልን እኔ እወስዳታለሁ» አሏቸው። ሴት ልጅ ወረታ ላይ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነችው በዚህ ዓይነት ነው።

ላጲስ አያስነኩም ነበር። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፤ ስሕተቱ ከሥሩ መነበብ አለበት። «የጠፋ ስሕተት ተመልሶ ይመጣል» ይላሉ። ማናቸውንም ቁጥር ይዤ ስቀርብ ሦስት ጥያቄ ነበራቸው፦ የት ቆሞ ታየ? በስንት ሰዓት? ማን አየው? አንዱን ካልመለስሁ ወረቀቱን ሳያነቡት ይመልሱልኛል። እኔም ከአንዴም ሁለቴ በሆዴ ረግሜያቸዋለሁ።

የሚሠሩበትን ነገር «የለውጥ ቀመር» ይሉት ነበር፤ የዛሬ ተማሪ «ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን» ይለዋል። ተራ ቀመር ውሃው ስንት እንደሆነ ይነግረናል። የለውጥ ቀመር ግን ውሃው አሁን ካለበት ተነሥቶ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ይነግረናል። የእውነተኛ ውሃ ቀመር ጠማማ ነው፣ በቀላሉ አይፈታም። ስለዚህ ውሃው ከሚያርፍበት ልክ ጥቂት ብቻ ሲነቀነቅ እናየውና ጠማማውን በቀጥታ እንተካዋለን። «ከእግርሽ ሥር ያለው መሬት ሁልጊዜ ሜዳ ነው» ይሉኝ ነበር። «ጉና ተራራ ላይ ብትቆሚ እንኳ እግርሽ የረገጠው ስንዝር ሜዳ ነው። ጥበቡ ሜዳው የት ላይ እንደሚያልቅ ማወቅ ነው።»

ቀመሩ ቀጥ ካለ በኋላ የሚቀሩት ጥቂት ማባዣዎች ናቸው። ማባዣዎቹ ምንጊዜም አንድ ዓይነት ከሆኑ ነገሩ በአንድ ገጽ ያልቃል። ፎገራ ላይ ግን የጠዋት ውሃና የማታ ውሃ አንድ አይደሉም። ከቀትር በኋላ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በጉማራ ወንዝ ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ የጣና ነፋስ ደግሞ በራሱ ሰዓት የሐይቁን ውሃ ወደ ሜዳው ይገፋል። ማባዣዎቹ ራሳቸው ከሰዓቱ ጋር ይለዋወጣሉ ማለት ነው።

አንድ ቀን «ታዲያ ሃያ አራቱንም ሰዓት ለየብቻ ልፈትሽ። በእያንዳንዱ ሰዓት ከረጋ በጠቅላላውም ይረጋል ማለት አይደለም?» አልኋቸው። ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ገመድና ድንጋይ ይዘው ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ወደነበረው ዋርካ ወሰዱኝ። ገመዱን በቅርንጫፍ ላይ አሳልፈው ድንጋዩን አንጠለጠሉበት፤ ሌላውን ጫፍ በእጃቸው ያዙ። ገመዱን አስረዝመው ድንጋዩን ገፋ አደረጉት፤ ተወዛውዞ ተወዛውዞ ቆመ። አሳጥረው ገፉት፤ አሁንም ቆመ።

«በረጅሙም ይረጋል፣ በአጭሩም ይረጋል። አይደለም?» አሉኝ።

«ይረጋል» አልሁ።

ከዚያ ድንጋዩ እየተወዛወዘ ሳለ፣ መካከል ላይ ሲደርስ ገመዱን ሳብ፣ ዳር ላይ ሲደርስ ለቀቅ ያደርጉት ጀመር። ድንጋዩን የገፋው የለም። ውዝዋዜው ግን በየዙሩ እየሰፋ ሄዶ ድንጋዩ ቅርንጫፉን ሊመታ ሲደርስ እኔ ወደኋላ ሸሸሁ።

«እያንዳንዱ ሰዓት ለብቻው ጨዋ ነው» አሉ ገመዱን እየለቀቁ። «ተከታትለው ሲመጡ ነው ጉዱ የሚታየው።»

መፍትሔው ከቀኑ ጋር አብሮ መጓዝ ነበር። አንድ ትንሽ ንቅናቄ አስነሥቶ፣ ግማሽ ሰዓት ወስዶ፣ የዚያን ሰዓት ማባዣ አባዝቶ፣ የደረሰበትን ይዞ ለሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት ማቀበል። ቀኑ ዞሮ እዚያው ሰዓት ላይ ሲደርስ የተመለሰው ንቅናቄ ከተላከው ካነሰ ይረጋል፤ ከበዛ አይረጋም። ለአንድ ቀን አርባ ስምንት እርምጃ ነው፣ ያውም ሁለት ጊዜ፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራለሁ። በእጅ የሚዞረው የሒሳብ መኪና እጀታ መዳፌን አቆሰለው፤ ቁስሉ ሲድን ቆዳው ደነደነ። በዚያ በደነደነ መዳፍ እኮራ ነበር።

አሁን ወደ መዝጊያው ልምጣ። መሥሪያ ቤታችን ታችኛው ጨፌ በሚባል የግጦሽ ሜዳ ዙሪያ የአፈር ግድብ አስደለደለና አንድ የብረት መዝጊያ አስተከለበት። መዝጊያው ከፍቶ የሚዘጋው ሰው አይፈልግም፤ በሰንሰለት ከአንድ ተንሳፋፊ በርሜል ጋር ተያይዟል። ውስጥ ያለው ውሃ ሲጨምር በርሜሉ ይነሣል፣ መዝጊያው ይከፈታል፣ ውሃው ይወጣል። የሐይቁ ውሃ ከውጭ ሲገፋ ደግሞ ይዘጋል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ ከሚገባው በላይ ተከፍቶ፣ መልሶ ከሚገባው በላይ ተዘግቶ፣ እንዲያ ሲመላለስ ራሱን ሊሰብር ይችላል። ይረጋ እንደሆነ እንዳሰላ የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ። የውሃው ንቅናቄና የመዝጊያው ንቅናቄ ሁለት ነገር ስለሆኑ፣ አንድ ጊዜ ውሃውን ብቻ፣ ሌላ ጊዜ መዝጊያውን ብቻ አስነሥቶ መጓዝ ያስፈልግ ነበር።

ከጨፌው ባለ ከብቶች ቃላቸው የሚሰማው አያ ደሴ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር አዋቂ ገበሬ። የፎገራ ሰው ክረምት ሲገባ ከብቱን እየነዳ ሽቅብ ይወጣል። እዚያ በሰው ማሳ ዳር ተጨናንቆ ከብቱ ይከሳል፤ አያ ደሴ ጥጃ ሳይሞትባቸው የተመለሱበት መስከረም አልነበረም። መዝጊያው ከረጋ ግን ሜዳው ክረምቱን በሙሉ ሣር ይኖረዋል። ዘንጉን ሳነብ ያገኙኝና ግድቡ ላይ ይቀመጣሉ።

«ልጄ፣ እኔኮ ክረምት ሽቅብ ስወጣ ነው ያረጀሁት። አንቺ እንግዲህ አትውጣ ልትይኝ ነው?»

«ሒሳቡ ሲያልቅ እነግርዎታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ይረጋል፣ ወይም አይረጋም ብዬ።»

ሳቁ። «ወተትም ካልነቀነቁት ይረጋል። ውሃ ግን መቼ ዝም ብሎ ያውቃል?»

«ይኸኛው እየተነቀነቀ ነው መርጋት ያለበት፣ አያ ደሴ።»

«እንዲያ ያለ ወተት አላየሁም» አሉና ከልባቸው ሳቁብኝ። ያ ሣር ምን ያህል እንደሚያጓጓቸው ግን ፊታቸው ያሳብቅ ነበር።

የላይኛውን ውሃ የሚያነብልን ጉማራ ድልድይ አጠገብ ሱቅ የነበራቸው ሐጂ እንድሪስ ነበሩ። ሰላታቸውን እንደማያሳልፉ ሁሉ ንባባቸውንም አያሳልፉም፤ ደብተራቸው እንደ ሱቃቸው የተጠረገ ነበር። በሐይቁ በኩል ያለውን የሚመዘግበው አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ተክሎት የሄደ መሣሪያ ነው። ወረቀት የተጠቀለለበት ከበሮ ቀስ እያለ ይዞራል፣ ብዕር መስመር ይስልበታል፣ በወረቀቱ ግርጌ ሰዓቱ በአኃዝ ታትሟል። ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አድርጌ ማባዣዎቼን አወጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት አቶ ምሕረቴን ወባ ጣላቸውና ጎንደር ሐኪም ቤት ገቡ። ሲሄዱ «ስመለስ አብረን እናየዋለን» ብለውኝ ነበር።

ሒሳቡ አለቀ። አንድ ስንዝር አድርጌ የላክሁት ንቅናቄ በማግሥቱ ሲመለስ ግማሽ ስንዝር አልሞላም። መዝጊያውን አስነሥቼ የላክሁትም እንደዚያው። ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ሠራሁት፤ ያው መጣ። ኃላፊው ጠሩኝ።

«ሰኔ ገባ፤ ሰዉ ከብቱን ሊነዳ ነው። ይረጋል ወይስ አይረጋም?»

«አቶ ምሕረቴ ሳያዩት...»

«አንቺ አታውቂም ማለት ነው?»

ይህ ጥያቄ አቃጠለኝ። «ይረጋል» ብዬ ጻፍሁና ስሜን ፈረምሁበት። ኃላፊው ገፋፉኝ ብዬ ልጽፍ እችል ነበር፤ እውነቱ ግን መኩራራት ነው። ሁለት ጊዜ አስልቻለሁ ብዬ ተማምኜ ነበር፤ ከአንድ ማሰሮ ሁለት ጊዜ ቢቀዱ ያው ውሃ መሆኑን ረሳሁት። ወረቀቱን ይዤ እኔው ራሴ ጨፌው ድረስ ሄጄ ለአያ ደሴ ነገርኋቸው። «አንቺ ካልሽ ገባሁ» አሉኝ። እሳቸው ከብታቸውን ይዘው ጨፌው ውስጥ ሲገቡ ሌሎቹም ተከተሉ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጠና። የመዝጊያው ዘበኛ በርሜሉ አንድ ማታ ስንዝር ያህል ከፍና ዝቅ ሲል አይቶ ነበር፤ በማግሥቱ ጨመር አለ፣ በሦስተኛው ቀን ክንድ ሆነ። የመሣሪያው ጠባይ መስሎት ለማንም አልተናገረም። በአምስተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንሰለቱ ተበጠሰ፤ መዝጊያው ክፍቱን ቀረ፣ ሐይቁም ገባ። ጠዋት መልእክት ደርሶኝ በታንኳ ሄድሁ። ሰው ሁሉ ተርፎ ግድቡ ላይ ቆሟል። ላሞቹ በሩቅ ደረቅ መሬት ላይ ቆመው ይጮኻሉ። አያ ደሴ ውሃው ውስጥ እስከ ወገባቸው ቆመው ወደ በረታቸው ያያሉ፤ ከበረቱ የሚታየው ጣራው ብቻ ነበር። ስማቸውን ጠራሁ።

«ላሞቹ ዋኝተው ወጡ» አሉኝ ዞር ሳይሉ። «ጥጆቹን እኔ ነኝ ያሰርኋቸው።»

አምስት ጥጆች ነበሩ። አንቺ ነሽ ያስገባሽኝ አላሉኝም፤ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። ሥራዬን ለቅቄ እናቴ ዘንድ ልመለስ ዕቃዬን ሸከፍሁ።

አቶ ምሕረቴ ፊታቸው እንደገረጣ፣ በዱላ እየተደገፉ ተመለሱ። አልተቆጡኝም። ዕቃዬንም እንዳላዩ ሆኑ። ወንበር ሳቡና «ወረቀቶቹን አምጪ» አሉኝ። ዓምድ በዓምድ ወረድን። የሐይቁ ዓምድ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ግፊቱ የሚበረታው በስንት ሰዓት ነው?»

«በስድስት ሰዓት።»

«በማን ሰዓት?»

«በወረቀቱ።»

«ወረቀቱ የማን ነው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ወረቀቱ የፈረንጅ ነበር፤ በላዩ የታተመው ስድስትም የፈረንጅ ስድስት ነው። የእኛ ስድስት ሰዓት እኩለ ቀን ነው። የፈረንጅ የማታ ስድስት ግን የእኛ አሥራ ሁለት ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። የሐይቁን ግፊት ስድስት ሰዓት አስቀድሜ እኩለ ቀን ላይ አሰፈርሁት። የሐጂ እንድሪስ ደብተር ደግሞ በእኛው ሰዓት ነበር። በእኔ ወረቀት ላይ ሐይቁ ቀን ገፍቶ፣ መዝጊያው አርፎ፣ ከዚያ ጉማራ ማታ ይደርሳል። በሜዳው ላይ ግን ሁለቱ ማታ ማታ ተከታትለው ይመጣሉ፤ እንደ ዋርካው ገመድ አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል። ማባዣዎቹ የማይለዋወጡ ቢሆኑ ይህ ስሕተት ምንም ባላመጣ ነበር፤ ሰዓት የሌለበት ቀመር መቼ እንደጀመሩት አይጠይቅም። የእኛ ቀመር ግን ሰዓት ነበረበት።

የሐይቁን ዓምድ ስድስት ሰዓት አዛውሬ እንደገና እንዳሰላ አዘዙኝ። አንድ ስንዝር ልኬ ስንዝር ተኩል ተመለሰልኝ። ከዚያ «ይረጋል» ባልሁበት ወረቀት ላይ በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዤ ከሥሩ «አይረጋም» ብዬ እንድጽፍና እንድፈርም አደረጉኝ። የመጀመሪያው ቃል ከመስመሩ ሥር በደንብ ይነበብ ነበር።

ኃላፊው አልወደዱትም። «ከልክ ያለፈ ዝናብ ብላችሁ ጻፉ» አሉን።

«ዝናቡ የአምናውን ያህል ነው፤ ዘንጉ ላይ አለ» አሏቸው አቶ ምሕረቴ።

«ታዲያ በሴት ልጅ ሒሳብ መዝጊያ ሰበሩ ተብሎ አገር ይሳቅብን?»

«ይሳቅብኝ» አልኋቸው። «ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ሄጄ የምናገረውም እኔ ነኝ።» ኃላፊው በሩን አሳዩኝ፤ እኔም ወጣሁ።

በፍልሰታ ከቅዳሴ በኋላ የጨፌው ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ቆሜ ነገርኋቸው። ስለ ቀመሩ ብዙ አልተናገርሁም፤ ስለ ስድስት ሰዓቱ ግን አንድም አልደበቅሁም። አንድ ሽማግሌ ቄስ ግራ ገባቸው።

«ስድስት ሰዓትማ ቀን ነው እኮ!»

«ለፈረንጅ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ አባ።»

«እንዴት ያለ አገር ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ስድስት ነው የሚል!» አሉና ሰዉን አሳቁት። እኔም ሳላስበው ፈገግ አልሁ። አያ ደሴ ግን አልሳቁም።

«እና የእኔ ጥጆች በማን ሰዓት ሞቱ?» አሉኝ።

«በእኔ» አልኋቸው።

ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተነሥተው ሄዱ። ሳቁም ቆመ፤ ሰዉ ተበተነ። ዕቃዬን የፈታሁት በዚያ ቀን ነው። ትቼ ብሄድ ያ ሜዳ ለዘላለሙ በእኔ ስሕተት እንደተዘጋ ይቀራል ብዬ ነው።

በዚያ በጋ ከአቶ ምሕረቴ ጋር መዝጊያውን አስተካከልነው። በርሜሉን በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ አደረግነውና ከሥሩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ሰሌዳ አሰርንለት፤ ውሃው በቀዳዳዎቹ እየታገለ ስለሚያልፍ በርሜሉ መሮጥ አይችልም። መጀመሪያ ግን የከበሮውን ሰዓት ከሐጂ እንድሪስ ሰዓት ጋር አስተያየሁ፤ ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ከጠዋት እስከ ማታ አየኋቸው። ከዚያ ማባዣዎቹን አዲስ አወጣሁና እንደገና ሦስት ሳምንት አዞርሁ። የተላከው ስንዝር ሩብ ሆኖ ተመለሰ። በዚህም አላቆምሁም፤ ሜዳው የት ላይ እንደሚያልቅ ፈለግሁ። ንቅናቄው ከአንድ ክንድ ካለፈ ቀጥ ያደረግነው ቀመር ጠማማነቱን መደበቅ አይችልም። ወረቀቱ ላይ «እስከ አንድ ክንድ ንቅናቄ ድረስ ይረጋል፤ ከዚያ በላይ አላውቅም» ብዬ ፈረምሁ። ኃላፊው «አላውቅም» የሚለው ይውጣ አሉ። አቶ ምሕረቴ «ከወረቀቱ ውስጥ ምርጡ ቃል እሱ ነው» ብለው እንዲቆይ አደረጉ። በሥራ ዘመኔ ከፈረምሁባቸው ሁሉ የምኮራበት ወረቀት ይህ ነው፤ ዛሬም የተናገርሁት ልክ ነበር እላለሁ።

ልክ መሆኑን ግን የሚያምን አልነበረም። ሰኔ ሲገባ የጨፌው ሰው በሙሉ ከብቱን እየነዳ ሽቅብ ወጣ። አያ ደሴ ቀድመው ነበር የወጡት። ሜዳው ሣሩን ይዞ ባዶውን ቀረ። ያ ባዶ ሜዳ እኔን የሚያይ መሰለኝ፤ ያማል። በዘበኛው በኩል «በአሮጌው በረትዎ ውስጥ ክረምቱን ልቀመጥ ይፍቀዱልኝ» ብዬ አስላክሁባቸው። «የፈለገችውን ታድርግ» የሚል መልስ መጣልኝ። ጣራውን አስከደንሁ፣ አልጋዬን ተከልሁ፣ ደብተሬን ይዤ ገባሁ። ሒሳቤ ልክ ካልሆነ ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ይሁን ብዬ ነው። እናቴ ሰምታ አለቀሰች፤ ኃላፊው ደግሞ ፈቃድም አልሰጡኝ፣ አልከለከሉኝም።

ከንጋት እስከ ምሽት በርሜሉን አነብ ነበር። ሐምሌ ላይ አምና መዝጊያውን የሰበረውን የመሰለ ዝናብ መጣ። ጉማራ ሞላ፣ የጣና ነፋስ ተነሣ። በርሜሉ በመጀመሪያው ማታ ስንዝር ከፍ አለ። በማግሥቱ ደብተሬን ገልጬ ጠበቅሁ፤ ሩብ ስንዝር ነበር። በሦስተኛው ቀን ዓይኔን ካላጠበብሁ አላየውም። ግድቡ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን «ይረጋል» እያልሁ ጮኽሁ። ዘበኛው ወባ የያዘኝ መስሎት ሊደግፈኝ ሮጦ መጣ።

ወሬው ሽቅብ ወጣ መሰለኝ። ነሐሴ ከመግባቱ በፊት፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ከበረቱ ደጃፍ የከብት ኮቴ ሰማሁ። አያ ደሴ ላሞቻቸውንና ሦስት የዚያን ዓመት ጥጆች እየነዱ መጡ። ሰላምታም አልሰጡኝም። ወደ መዝጊያው ሄዱና ቆመው በርሜሉን ሲያዩት ዋሉ። ቁጥር የማቀርብበት ጊዜ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሐይቁ ሲገፋና ጉማራ ሲደርስ፣ አሁንም ከዚያው አልተነሡም። በርሜሉ ትንሽ ተነሣ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። ከዚያ ወደ በረቱ መጥተው በሩ ላይ ቆሙና ውስጡን ቃኙት።

«አስካል» አሉኝ፤ ከአምና ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም ነበር። «አልጋሽን ወዲያ አድርጊው። እዚህ ጥጆቹ ናቸው የሚያድሩት።»

አልጋዬን እያለቀስሁ ጎትቼ ወደ ውጭ አወጣሁት። አያ ደሴ ከትከሻቸው ላይ ገመዳቸውን አወረዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ሦስቱንም ጥጆች አንድ በአንድ አሰሯቸው።